የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማንነቱ የታወቀበት ቀበሮ ለምን አይሄድም?

በቅርቡ ስለ ጃፓን የሥዕል ልቦለዶች፣ ማለትም ስለ ማንጋ፣ ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ወደ አንድ ዘርፍ ያዘነበሉ ሆነው አገኘኋቸው። ይህም ወንድ ከወንድ ጋር የሚፋቀርበትን ታሪክ የሚተርከውና ጃፓናውያን «ቦይዝ ላቭ»፣ ሲያሳጥሩትም «ቢ ኤል» የሚሉት ዘርፍ ነው። በተለይም ቀበሮ፣ የሙት መንፈስ ወይም ሌላ ዮካይ፣ ማለትም ከሰው ዓለም ውጭ የሆነ ፍጡር፣ በሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ ሦስተኛ አፍቃሪ የሚሆንባቸው ሳቅ የበዛባቸው ታሪኮች የብዙዎቻችሁን ልብ ይዘዋል። የእኔንም ልብ ከያዙ ቆይተዋል፤ ስለዚህ መልሶቹ ከወትሮው ረዘም ቢሉ በበጎ ተመልከቱልኝ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «እንዲህ ዓይነት ማንጋዎችን ስድስት ያህል አንብቤአለሁ። በሁሉም ውስጥ ዋናው ሰው አብሮት የሚኖረው ወጣት ቀበሮ መሆኑን ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያውቃል፤ ነገር ግን አይጮኽም፣ አይሸሽም። ጥቂት ገጾች እንዳለፉ ሌላ አፍቃሪ ብቅ ይልና ጉዳዩ ሁሉ ወደ ቅናት ይዞራል። ከመንፈስ ጋር መኖር ያላስደነገጠው ሰው በአንድ የሥራ ባልደረባ ምክንያት እንቅልፍ ሲያጣ ማየት ለእኔ የሚታመን አልሆነልኝም። ደራሲዎቹ ነገሩን በሚገባ ሳያስቡበት ቀርተው ነውን?»

መልስ፦ ሳያስቡበት ቀርተው አይደለም። እርስዎ እንደ ጉድለት ያዩት ነገር የዚህ ዘርፍ ዋልታና ማገር ነው። ይህን ለመረዳት ግን በጃፓን እጅግ ወደ ታወቀ አንድ የቆየ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል።

ታሪኩ የኩዙኖሃ ታሪክ ነው። አቤ ኖ ያሱና የተባለ ሰው፣ ዛሬ በኦሳካ ግዛት ውስጥ በሚገኘው በሺኖዳ ጫካ፣ አንዲትን ነጭ ቀበሮ ከአዳኞች እጅ ያድናል። ቀበሮዋም ውለታውን ለመመለስ ኩዙኖሃ የምትባለውን ሴት መስላ ትመጣለች፤ አብረው ይኖራሉ፣ ወንድ ልጅም ይወልዳሉ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ይህ ልጅ አድጎ፣ ከ921 እስከ 1005 ዓ.ም. የኖረውና በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት በከዋክብት ንባብና በጥንቆላ ዕውቀቱ ስሙ የገነነው አቤ ኖ ሴይሜይ ሆኗል። በ1734 ዓ.ም. በኦሳካ በአሻንጉሊት ቲያትር ለመድረክ የበቃው ድርሰት ታሪኩን እኛ ወደምንነጋገርበት ጉዳይ ያመጣዋል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ እውነተኛዋ ኩዙኖሃ ከወላጆቿ ጋር ከደጃፍ ትደርሳለችና። አንድ ባል፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች፣ ከሁለቱም አንደኛዋ ቀበሮ። ከዚህ የጠራ የሦስትዮሽ ፍቅር ከየት ይገኛል?

ቀበሮዋ አትከራከርም። ልጇን ታቅፋ፣ በወረቀት በተለበጠው ተንሸራታች በር ላይ የስንብት ግጥሟን ትጽፋለች። ይህ ትዕይንት በካቡኪ፣ ማለትም በጃፓን ቆየት ያለ ቲያትር፣ መድረክ ሲቀርብ ሁለቱን ሴቶች የሚጫወተው አንድ ተዋናይ ነው፤ በካቡኪ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች መሆናቸውንም ልብ ይበሉልኝ። ተዋናዩ ልጁን በአንድ ክንዱ ይዞ መጻፍ ሲቸግረው ብሩሹን ወደ ግራ እጁ ያዛውራል፣ አንዳንዱን ፊደል በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦ ይጽፈዋል፣ በመጨረሻም ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ ግጥሙን ይጨርሳል። ፊደሉ የሚገለበጠው ሰውነቷ ወደ ቀበሮነቱ እየተመለሰ መሆኑን ለማሳየት ነው። የግጥሙም ሐሳብ «ናፍቆቴ ከጸናብህ መጥተህ ፈልገኝ፣ በኢዙሚ፣ በሺኖዳ ጫካ» የሚል ነው።

በቀድሞዎቹ የጃፓን ተረቶች ውስጥ እንዲህ ያለው ፍጡር የሚገዛበት ሕግ አንድ ነው፤ ማንነቱ የታወቀበት ይሄዳል። በላባዋ ጨርቅ የምትሸምነው የሽመላ ሚስት ባሏ ሾልኮ ሲያያት ትበራለች፤ የበረዶዋ ሴትም ባሏ ምስጢሯን ሲናገር ትታው ትሄዳለች። የዛሬዎቹ ማንጋዎች ያደረጉት ነገር ይህን ሕግ መሻር ነው። ምስጢሩ በአምስተኛው ገጽ ላይ ይወጣል፣ ቀበሮውም አይሄድም፤ እንዲያውም ጫማውን አውልቆ ይገባና ራት ይጠይቃል። ሳቁ የሚፈልቀው ከዚህ ነው፤ አንባቢው ለዘመናት የለመደው መለያየት ሊመጣ ነው ብሎ ልቡ ሲሰቀል፣ የሚመጣው ስለ ቤት ኪራይና ስለ መታጠቢያ ቤት ተራ የሚደረግ ክርክር ይሆናል። ነገር ግን መለያየት ከታሪኩ ሲወጣ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያለ ሥጋት የሚነበብ የፍቅር ታሪክ የለምና። ይህን ቦታ እንዲሞላ የሚጠራው የሥራ ባልደረባው ነው። ከእንግዲህ ጥያቄው «ቀበሮ መሆኑ ይታወቅበት ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ቀበሮ መሆኑ እየታወቀ ይመረጥ ይሆን?» ይሆናል፤ ለእኔ ይህ ከቀድሞው የበለጠ ከባድ ጥያቄ ነው።

ስለ ፍርሃቱም ቢሆን የጃፓን ቀበሮ ፍርሃትን ብቻ ይዞ አይመጣም። ነጭ ቀበሮ የሩዝና የብልጽግና አምላክ የሆነው የኢናሪ መልእክተኛ ነው፤ በኪዮቶ በሚገኘው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮለት በድንጋይ ተቀርጾ ቆሞ ይታያል። የተጠበሰ ቶፉ ይወዳል ስለሚባልም የተጠበሰ ቶፉ የሚገባባቸው ምግቦች በእሱና በኢናሪ ስም ይጠራሉ። ሌሎቹም ዮካዮች ቢሆኑ፣ ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪዬን ከ1776 ዓ.ም. ጀምሮ በሥዕል መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸውን ከነስማቸው ካሳተማቸው ወዲህ መልክና ጠባይ ያላቸው የታወቁ ፊቶች ሆነዋል። የማንጋ አንባቢ ደጃፉ ላይ የቆመውን ቀበሮ ሲያይ እንግዳ ነገር ያየ አይመስለውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገርለት የኖረ ዘመድ የመጣ ያህል ነው።

ሁለቱም ተፎካካሪዎች ዮካይ ሲሆኑ ደግሞ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል። «ቀበሮ ሰባት ጊዜ፣ ታኑኪ ስምንት ጊዜ ይለወጣል» የሚል የጃፓን ብሂል አለ፤ ታኑኪ በዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ቀለም ያለው የውሻ ወገን አውሬ ነው። ቀበሮ የሚለወጠው ሰውን ለማማለል ነው፣ ታኑኪ ግን ማታለሉ ራሱ ስለሚያስደስተው ነው ይባላል። አንዱን ሰው ሁለቱ ሲወዱት፣ በአንዲት ብሂል ውስጥ የተቀመጠ የአንድ ቁጥር ብልጫ ለሙሉ ቅጽ የሚበቃ ፉክክር ይወልዳል።

ጥያቄ፦ «ሴሜ፣ ኡኬ፣ ያኦይ፣ ፉጆሺ የሚባሉት ቃላት ምን ማለት ናቸው? ዘርፉስ ከመቼ ጀምሮ አለ?»

መልስ፦ ሴሜ «ማጥቃት»፣ ኡኬ ደግሞ «መቀበል» ከሚሉ ግሦች የወጡ ቃላት ናቸው፤ በማርሻል አርት ዘንድ የሚሠራባቸው ሲሆኑ፣ እዚህ በፍቅር ግንኙነቱ ቀድሞ የሚራመደውንና የሚቀበለውን ያመለክታሉ። ያኦይ «ጡዘት የለውም፣ መቋጫ የለውም፣ ትርጉም የለውም» የሚሉ ሦስት የጃፓንኛ ሐረጎች የመጀመሪያ ቀለማት ተገጣጥመው የተፈጠረ ቃል ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ሴት ሠዓሊዎች ለገዛ ሥራዎቻቸው ያወጡት ስም ነበር። ፉጆሺ «የበሰበሰች ልጅ» ማለት ነው። ድምፁ «ሴቶች» ከሚለው የክብር ቃል ጋር አንድ ሲሆን፣ አንደኛው ፊደል «መበስበስ» በሚለው ተተክቶ አንባቢዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ሆኗል፤ ወንድ አንባቢ ሲሆን ፉዳንሺ ይባላል።

የዘርፉ መነሻ በ1949 ዓ.ም. አካባቢ የተወለዱ ሴት ደራሲዎች ትውልድ ነው፤ ያ ዓመት በጃፓን አቆጣጠር ሾዋ 24 ስለሆነ «የ24 ዓመተ ምሕረቱ ጓድ» ይባላሉ። ከእነዚህ አንዷ ኬይኮ ታኬሚያ በ1976 ዓ.ም. የሁለት ወንድ ተማሪዎችን ፍቅር የሚተርክ ረጅም ሥራ በልጃገረዶች መጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት ጀመረች፤ ሞቶ ሃጊዮም ቀደም ብላ በ1972 ዓ.ም. የማያረጁ፣ ደም የሚጠጡ ልጆችን ታሪክ ጀምራ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ዘርፉ «ጁኔ» በሚል ስም የሚታወቀውን የራሱን መጽሔት አገኘ፤ «ቦይዝ ላቭ» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው በ1990ዎቹ ነው። ከሰው ዓለም ውጭ የሆነው ፍጡር በዘርፉ መባቻ ላይ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን በአብዛኛው ያስለቅስ ነበር።

ጥያቄ፦ «ሥዕል እማራለሁ። አንድ ገጽ ሦስት ሰዎችን ይዞ፣ ከሦስቱ አንዱ ለሌላው የማይታይ ሆኖ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያስቅ ልረዳ እፈልጋለሁ። ስገለብጠው እንኳ ሳቁ ይጠፋብኛል።»

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም አስደስቶኛል፤ ምክንያቱም የዘርፉ ጥበብ የሚታየው በሐሳቡ ሳይሆን በገጹ አሠራር ላይ ነው። አንድ ገጽ አብረን እንሥራ።

ክፍሉ ስድስት ታታሚ፣ ማለትም ስድስት የወለል ምንጣፍ፣ የሚያህል ነው፤ በመካከሉ ኮታትሱ፣ ማለትም ከሥሩ ማሞቂያ ያለውና ብርድ ልብስ የለበሰ ዝቅተኛ ጠረጴዛ አለ። ሁለት ጎልማሶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የቤቱ ባለቤት፣ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው። በመካከላቸው ደግሞ ቀድሞ በዚያ ቤት ይኖር የነበረ ሰው መንፈስ፣ በጃፓንኛ ዩሬይ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። እሱን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የጃፓን ገጽ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ጓደኛው በቀኝ መቀመጥ አለበት፤ ቀድሞ የሚናገር እሱ ነውና። በመጀመሪያው ክፈፍ ላይ እጁን ብቻ እናያለን፤ ጣቶቹ ስኒውን አጥብቀው ይዘዋል፣ ከጎኑም «ዶኪ ዶኪ» የሚለው የልብ ምት ድምፅ ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ «ለረጅም ጊዜ ልነግርህ የፈለግሁት ነገር…» ይላል። በሦስተኛው ላይ መንፈሱ አንገቱን አስግጎ በሁለቱ ፊቶች መካከል ይገባል፤ ፊቱም ክፈፉን ሁሉ ይሞላዋል። በአራተኛው ላይ ባለቤቱ «ዞር በል!» ብሎ ይጮኻል። አምስተኛው ክፈፍ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ጓደኛው ደርቆ ተቀምጧል፣ በላዩም «ሺይን» የሚል ቃል በጉልህ ተስሏል። ጃፓንኛ ለዝምታም ድምፅ አለው፤ «ሺይን» ያ ነው።

ሳቁ ያለው በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ባለው ነጭ መስመር ላይ ነው። አንባቢው «ዞር በል» የተባለው ለማን እንደሆነ ያውቃል፣ ጓደኛው ግን አያውቅም፤ ይህችን የዕውቀት ልዩነት አንባቢው በራሱ ዓይን እንዲሻገራት ጊዜ ካልተሰጠው አይስቅም። ስትገለብጠው ሳቁ የጠፋብህ አምስተኛውን ክፈፍ አጥብበኸው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ለዝምታው ቦታ ስጠው።

የጃፓን የመድረክ ቀልድ ማንዛይ ሁለት ሰዎች አሉት፤ ቦኬ የተባለው የማይሆን ነገር ይናገራል፣ ትሱኮሚ የተባለው ወዲያው ይገሥጸዋል። በምሳሌያችን መንፈሱ ቦኬ ነው፣ ባለቤቱ ትሱኮሚ ነው፤ ጓደኛው ግን ከጨዋታው የሚሰማው ግማሹን፣ ያውም ግሣጼውን ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱን የተገሠጸ አድርጎ ይቈጥራል። ሁለት ሰዎች የሚበቁት ቀልድ ሦስተኛ ሲጨመርበት ከቀልድነቱ ባሻገር የሚያሳዝን ነገር ይወጣዋል፤ የሦስትዮሹ ፍቅር ጥቅሙም ይኸው ነው።

ስለ ቀበሮ ጆሮና ጅራትም አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጀማሪ ሠዓሊዎች ለጌጥ ይመስላቸዋል። ጌጥ አይደሉም፤ ፊት የሚደብቀውን የሚያወጡ ምስክሮች ናቸው። ቀበሮው እጆቹን አጣምሮ «ከእሱ ጋር ብትሄድ እኔ ምን ገዶኝ» ሲል ፊቱን ኩሩ አድርገህ ሣለው፣ ጆሮዎቹን ግን ወደ ኋላ አስተኛቸው። ጅራቱንም ከክፈፉ ወጥቶ በሚቀጥለው ክፈፍ ጥግ ላይ ወለሉን ሲጠርግ አሳየው። አንባቢው ሁለት ተቃራኒ ንግግሮችን በአንድ ጊዜ ያነብባል፤ ተራ ሰው በሆነ ገጸ ባሕርይ ላይ ይህን ለማድረግ ሙሉ ገጽ የውስጥ ሐሳብ መጻፍ ያስፈልግ ነበር።

ጥያቄ፦ «ሁልጊዜ የምወደው የማይመረጠውን ነው። በተለይ መንፈሱ ለሌላው ብሎ የሚጠፋበት መጨረሻ ለቀናት ያሳዝነኛል። ቀላልና አስቂኝ ነው ተብሎ የተሰጠኝ መጽሐፍ ለምን እንዲህ ያደርገኛል?»

መልስ፦ ብቻዎን አይደሉም፤ ለዚህ ሰው የጃፓን አንባቢዎች የተለየ ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። አቴኡማ ይሉታል። ቃሉ ከፈረስ አርቢዎች የተወሰደ ነው፤ ባዝራዋ ድንጉላን ለመቀበል መድረሷን ለማወቅ ቀድሞ የሚቀርብላት፣ መድረሷ ሲታወቅ ግን ተጎትቶ የሚመለሰው ድንጉላ አቴኡማ ይባላል። እኔ ከዚህ የበለጠ ጭካኔና ርኅራኄ በአንድ ላይ የያዘ የሥነ ጽሑፍ ቃል አላውቅም። ሦስተኛው ሰው የመጣው የሁለቱን ልብ ለመፈተን ነው፤ ፈተናው ሲያበቃ ሥራው ያበቃል። ደራሲዋ ግን ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን ስትል እሱንም ተወዳጅ አድርጋ መሣል ነበረባት፤ እናም እርስዎ ወደዱት። ሐዘንዎ ደራሲዋ ሥራዋን በሚገባ ለመሥራቷ ምልክት ነው። አቴኡማው እጅግ ሲወደድ የራሱን ፍቅር የሚያገኝበት ሌላ ቅጽ የሚጻፍለት ብዙ ጊዜ ነውና፣ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ደራሲዋ ቀጥሎ ያወጣችውን ሥራ ይመልከቱ።

የሙት መንፈስ የሆነው አቴኡማ ግን የባሰ ችግር አለበት። በጃፓን እምነት ነፍስ በዚህ ዓለም የምትቀረው ሚሬን በሚሉት፣ ባልተፈጸመ ምኞትና ቁጭት ታስራ ነው። ቁጭቱ ሲፈታ ሰላም ታገኛለች፤ ይህን ጆቡትሱ ይሉታል። እንግዲህ ቁጭቱ «በሕይወት ሳለሁ ሳላፈቅር ቀረሁ» የሚል ከሆነ፣ ፍቅሩ መልስ ያገኘ ዕለት መጥፋቱ ነው። ካልተወደደ ይቈያል፣ ከተወደደ ይሄዳል። ቀልደኛ ደራሲዎች በዚህ ቋጠሮ ላይ እንዴት እንደሚጫወቱበት መከታተል እጅግ ደስ ይለኛል፤ መንፈሱ ሰላም እንዳያገኝ ሲል ሆን ብሎ ትንሽ ትንሽ ቁጭት የሚሰበስብበት፣ ለምሳሌ የተከታታይ ድራማውን የመጨረሻ ክፍል አላይም ብሎ የሚያምፅበት ታሪክ በዚህ ዘርፍ ውስጥ ቦታው ነው።

የመመለሻም መንገድ አለ። በበጋው የኦቦን በዓል፣ በብዙው የጃፓን ክፍል በአውሮፓውያን ነሐሴ (ኦገስት) ወር አጋማሽ ላይ፣ የሞቱ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ተብሎ ይታመናል። ቤተሰቡ ከኪያር ፈረስ፣ ከደበርጃን ላም ይሠራል፤ አራት የእንጨት ስንጥሮች እግር ይሆኗቸዋል። ኪያሩ ፈጥነው እንዲመጡ ነው፤ ደበርጃኑ ደግሞ ሲመለሱ በዝግታ እንዲሄዱ ነው። እስቲ ይህን በሦስቱ ሰዎች መካከል ያስቀምጡት፤ የሞተውን የሚናፍቀው ለመመለሻው ከደበርጃን ሁሉ ትልቁን ይመርጣል፣ በሕይወት ያለው ተፎካካሪ ግን ሌሊት ተነሥቶ ደበርጃኑን በሁለተኛ ኪያር ይለውጠዋል። ጠዋት መንፈሱ በር ላይ ቆሞ ሁለቱን ኪያሮች ያያል። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚደርስብዎት የጠየቁኝ ይህን ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «ቀበሮው በአስማት ልብን ሲያዞር ወይም መንፈሱ በሌላ ሰው ገላ ገብቶ ሲሳሳም ሁሉም እንደ ቀልድ ያልፋል። ይህ ትክክል ነውን? ታሪኮቹስ በጃፓን ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶችን ኑሮ ያሳያሉ?»

መልስ፦ ትክክል አይደለም፤ ቀልድ መሆኑም አያቀለውም። ባለገላው ሳይፈቅድ ገላውን ተውሶ መሳም ከሁለት ሰዎች ፈቃድን መስረቅ ነው፤ ከገላው ባለቤትም፣ የሚሳመው ማን እንደሆነ ከማያውቀውም። የቆዩ ሥራዎች ይህን በቸልታ ያልፉት እንደነበር አልክድም፤ ኡኬው እምቢ እያለ የሚቀጥሉ ብዙ ገጾች ተስለዋል። እኔ መጽሐፉን ከመልካሞቹ ወገን የምቈጥረው አስማተኛው አስማቱን ማስቀመጥ ሲማር ነው። ዩ ቶዮታ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣችውና በ2020 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ድራማነት የቀረበው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው የቢሮ ሠራተኛ የነካውን ሰው ሐሳብ የመስማት ኃይል ያገኛል፤ በተጨናነቀ ሊፍት ውስጥም ባልደረባው በእሱ ፍቅር መያዙን ሳይፈልግ ይሰማል። ሥራው በጣም ያስቃል፤ ነገር ግን ሰውየው የሌላውን ልብ ሳያስፈቅድ እያነበበ መሆኑ ሲከነክነው ይታያል፣ ደራሲዋም ያን አትዘለውም። ከዚህ ጋር አያይዤ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ዕድሜ ለአቅመ አዳም የደረሰ መሆኑን አስቀድመው እንዲያረጋግጡ እመክራለሁ፤ «መንፈሱ የሦስት መቶ ዓመት ነው» የሚለው ማመካኛ ልጅ መስሎ ለተሣለ ሰው አይሠራም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ በጃፓን ራሱ የተነሣ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአንድ አነስተኛ የሴቶች መብት መጽሔት ላይ ወንድን የሚያፈቅር አንድ ጸሐፊ ሥራዎቹ ስለ እኛ ኑሮ ምንም አይናገሩም ብሎ ክፉኛ ወቀሰ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ፣ «የያኦይ ክርክር» ተብሎም ይጠራል። ወቀሳው እውነት ነበረው። የቶኪዮዋ ሺቡያ ወረዳ ለአንድ ጾታ ጥንዶች የአጋርነት የምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረችው ገና በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በቀልደኛዎቹ ማንጋዎች ውስጥ ግን ጎረቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጅራቱ ነው እንጂ ሁለቱ ወንዶች በመሆናቸው ማንም አይደነቅም። ይህ ሽሽት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወንድን የሚያፈቅር አንባቢ እንደ እሱ ያለ ሰው ለአንድ ቅጽ ያህል ጭንቀቱ ቀበሮውን ወይስ ባልደረባውን ልምረጥ የሚል ብቻ ሆኖ ቢያይ፣ በዚያ የሚገኘውን ዕረፍት ለማቃለል አልደፍርም።

ጥያቄ፦ «ሰሞኑን የጨረስሁት ቅጽ የመጨረሻ ገጹ ላይ ምንም ቃል የለም። ፀሐይ እየበራ ይዘንባል፤ ሰውየው፣ ቀበሮውና የልጅነት ጓደኛው በአንድ ጃንጥላ ሥር ይሄዳሉ። ማን እንደተመረጠ ሳይነገረኝ አለቀ። ገጽ ጎድሎብኝ ይሆን?»

መልስ፦ ገጽ አልጎደለብዎትም። እኛ ፀሐይ እየበራ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» እንላለን፤ ጃፓናውያን ደግሞ ያንኑ ዝናብ «የቀበሮ ሠርግ» ይሉታል። ስለዚህ ሰማዩ ራሱ መልሱን ተናግሯል።

ጃንጥላውም ተናግሯል። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ ለማለት ሰሌዳ ላይ ጃንጥላ ይሥላሉ፤ ከላይ ሦስት ማዕዘን፣ ከመካከሉ ወደ ታች አንድ መስመር፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስም። ለሦስተኛ ስም ቦታ የለውም። አሁን ገጹን እንደገና ያውጡትና እጀታውን የያዘው ሰው ጃንጥላውን ወደ ማን እንዳዘነበለ፣ ከሦስቱም የማን ትከሻ እንደረጠበ ይመልከቱ።